በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

የአይናዲስ እናት የዕፀ ሕይወት ሥራ ሆስፒታል ውስጥ መቀመጥ ነው። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ወይም ያሰበ ሕመምተኛ ሲገባ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ይደረግላትና ስትጠብቀው ታድራለች። ሲተር ይሏታል። ጠዋት ፈረንጅ አገር፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ወዳለው አፓርታማቸው ስትመለስ ጫማዋን እያወለቀች ወሬዋን ትጀምራለች።

«ዛሬ ደግሞ አንዷን ሰጡኝ። ቤት አላት፣ ባል አላት፣ መኪናዋን ብታዪው! ምን ጎደለኝ ብላ ነው? ጥጋብ ነው አይናዲስ፣ ጥጋብ! እኔማ ስልኬን እያየሁ አነጋሁት።»

እናቷ ስታወራ ታስቃለች፤ አይናዲስም ትስቅ ነበር።

አይናዲስ አርሊንግተን ከተማ ነርሲንግ ትማራለች። ባለፈው ተርም አንድ ኮርስ ወድቃለች፤ ሌላ አንድ ከወደቀች መባረር ነው። እናቷ ይህን አታውቅም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እጅጌውን እየሰበሰበ «ነርሷ፣ እስቲ ፕሬዠሬን ለኪልኝ» እያለ ሲከባት፣ ዕፀ ሕይወት ከጎን ቆማ ፊቷ እንደ ጧፍ ይበራል።

ልጅቷ ግን ከውስጥ ማለቅ ከጀመረች ሰንብታለች። እህል አፈር አፈር ይላታል። ፈተና ላይ የጥያቄው መጨረሻ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል። መሪ ስትጨብጥ የማትፈልገው ሐሳብ አብሯት ይሳፈራል። ለትምህርት ቤቱ አማካሪ እንዳትናገር፣ «ጭንቀት አለብኝ ያለች የነርስነት ላይሰንስ አታገኝም» እየተባባሉ ተማሪዎቹ አስፈራርተዋታል። ለእናቷ እንዳትናገር ደግሞ ያ «ጥጋብ» የሚለው ቃል አለ።

አንድ ቀን መለማመጃ ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ነርስ አንዱ ሕመምተኛ እየሆነ መጠየቅ ተለማመዱ። የአይናዲስ ተጣማሪ ሀጂራ ነበረች፤ የወሎ ልጅ፣ ቀልድ የማያልቅባት። ለአይናዲስ የደረሳት የሕመምተኛ ካርድ «ባሏ የሞተባት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ራሷን ለመጉዳት ግን የማታስብ ሴት» ይላል። ተራቸው ደርሶ ክፍሉ ፊት ተቀመጡ።

ሀጂራ ድምፅዋን አስተካክላ፣ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

አይናዲስ «አላሰብኩም» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አዎ።»

«እ... መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። እየነዳሁ ስመጣ።»

«ምን አስቆመሽ?»

«ከኋላዬ የተማሪዎች አውቶብስ ነበር። ልጆቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ይታዩኛል።»

ከዚያ አስተማሪዋ ብድግ ብላ አጨበጨበች። «ሕመምተኛ መሆን እንዲህ ነው! ሁላችሁም ከእሷ ተማሩ!» ክፍሉ ተከትሏት አጨበጨበ። አይናዲስ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ጭብጨባውን ተቀበለች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

ሀጂራ ፓርኪንጉ ድረስ ሮጣ ደረሰችባት።

«አንቺ! ካርዱ ላይ ባልሽ ነው የሞተው። ያ ባስ ከየት መጣ?»

«ፈጠርኩት።»

«ወላሂ ውሸትሽን ነው! ስታረፍጂ እንኳን ሰበብ መፍጠር የማትችዪ ልጅ!»

አይናዲስ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና መኪናው ጎን ቁጢጥ አለች። ሀጂራ ዝቅ ብላ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጪ።»

«ሀጂራ፣ ላይሰንሱስ?»

«ለሞተች ነርስ ላይሰንስ ምን ያደርግላታል? አምጪ አልኩሽ።»

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት ብቻ።»

«እነግራታለሁ። ስትድኚ ትቀየሚኛለሽ።»

ሀጂራ ነድታ ባደረሰቻት ድንገተኛ ክፍል፣ ራሷን እንዳትጎዳበት የጫማዋን ክር ፈቱባት፤ ስቴቶስኮፗን ከቦርሳዋ አውጥተው ወሰዱ። ሰማያዊ ፒጃማ አለበሷት። በሩ አጠገብ ወንበር ተደረገ፤ በእሷ ዕድሜ ያለች ፈረንጅ ልጅ መጥታ ተቀመጠችበት።

ዕፀ ሕይወት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ደረሰች። ወንበሩን ስታይ እግሯ ደፉ ላይ ቀረ። በመጀመሪያ የተናገረችው፣ «ማን ሰምቷል?» የሚል ነበር።

አይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከኋላዋ የእናቷ ድምፅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እኔ ልቀመጥ። ሥራዬ ነው፣ እችላለሁ» ሲል ሰማች።

«ይቅርታ፣ ለቤተሰብ አይፈቀድም» አለች ፈረንጇ።

ዕፀ ሕይወት አልተከራከረችም። ደንቡን ታውቀዋለች፤ ስንት እናት በዚሁ ቃል ከበር መልሳለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወንበሩ ላይ ያለችው ልጅ ስልኳን አወጣች፤ ጣቷ መስታወቱን ሲመታ ይሰማል።

የአይናዲስ እናት ጫማ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«እባክሽ፣ ስልኩን ተዪው» አለች ዕፀ ሕይወት፤ ድምፅዋ ውስጥ ያ የጠዋቱ ሳቅ የለም። «እሷን እዪያት። ልጄን እዪያት።»

አይናዲስ ሰማቻት። ፊቷን ግን ከግድግዳው አላነሣችም።