የብስክሌት ሽቦና አንድ ጥንድ ካልሲ

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡስ ተራ ገና አልነጋም፤ ዝናቡ ግን ቀድሞን ነቅቷል። በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው የይለፍ ወረቀት ይዤ፣ ትልቅ ካርቶን ክር በእግሮቼ መካከል አቁሜ ተሰልፌያለሁ። ክሩ በሙሉ ቀይ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ሌላ ቀለም ይታዘዝ የሚል ደፋር አልተገኘም።

የምሄደው ባሕር ዳር፣ የቀበሌ ሴቶችን ሹራብ ላሠለጥን ነው። ፕሮግራሙ “በጋራ የሹራብ ሥራ የሰፊውን ሕዝብ አንድነትና ጤንነት ማጎልበት” ይባላል። ስሙን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሰው ሳንባው ጤነኛ ነው፤ ግማሹን ግብ መታን ማለት ነው።

ለምን እኔ ተላክሁ? የሠራተኛ ቅጽ ላይ “ልዩ ሙያ” የሚል ቦታ ነበር፤ እኔ ሞኙ “ሹራብ መሥራት” ብዬ ሞላሁበት። “የት ተማሩት?” የሚለውን ባዶ ተውኩት። አለቃዬም አይቶ እንዳላየ አለፈው። በዚህ ዘመን ሹራብ የሚሠራ ወንድ ካያችሁ የት ተማርክ ብላችሁ አትጠይቁትም፤ ታስሮ ነው። እኔም ሦስት ዓመት ተቀምጬ ተምሬ፣ በፋሲካ ማግስት ተፈታሁ። ስወጣ “ይችን በር ዳግመኛ ባያት!” ብዬ ምያለሁ።

ማክሰኞ፣ ቀትር፣ አባይ በረሃ

ኬላ። ወታደሩ ካርቶኑን በጫማው ነካ አደረገው።

“ምንድን ነው?”

“ክር።”

“ለምን የሚሆን?”

“ለሰፊው ሕዝብ ጤንነት።”

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። “ፍታው።”

ልቃቂቱ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ ብሎ ስድስት ልቃቂት እስከ መጨረሻው አስተረተረኝ። ምንም የለም። አውቶቡሱ ሲነሣ ክሩ ከሾፌሩ ወንበር እስከ ኋላ መስኮት ድረስ ተንዘላዝሏል። አንድ ቄስ ጫፉን ያዙ፣ የጤፍ ነጋዴው ተቀበላቸው፣ ነፍሰ ጡሯ ሴት መጠቅለል ጀመረች። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየ “ማንም እንዳይወርድ፣ ተጠላልፋችኋል!” ይላል። ለአዳር ደብረ ማርቆስ ስንገባ የነጋዴውን ስድስት ልጆች በስም አውቃቸው ነበር። ፕሮግራሙ ባሕር ዳር ሳይደርስ ሠርቷል፤ ሪፖርት ላይ ግን የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር

ዝናቡ አባርቶ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ብስክሌት በብስክሌት ላይ ነው፤ መምህሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ዶሮ ያንጠለጠለውም ይጋልባል። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ብር በላሁ፤ እጄን ሳልታጠብ ሌላ ልድገም አልኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ሌላ ጉዳይም ነበረኝ። ሹራብ ያስተማረኝ፣ ገና ያልተፈታው የእስር ቤት ጓደኛዬ የዚህ አገር ሰው ነው። የጣና ደሴት ላይ ዜማ የተማረ፣ በኋላ የሂሳብ መምህር የሆነ፣ ሁላችንም የኔታ የምንለው። እዚህ ከተማ ሚስት አለችው። ልፈልጋት ይገባኝ ነበር። ግን የእስረኛ ሚስት ቤት የት ነው ብሎ ቀበሌ የሚጠይቅ ሰው፣ ለራሱም ቤት እየፈለገ ነው። ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አሥራ አራት ሴቶች ተሰብስበዋል። ያልመጣች የስኳር ኩፖኗን ታጣለች ተብለው ነው። ካድሬው ጓድ መንገሻ፣ እጅ ሥራ ሲፈታ ምላስ እንደሚሠራ፣ ምላስ ሲሠራ ደግሞ አድኃሪያን እንደሚጠቀሙ አንድ ሰዓት ተኩል በምላሱ አስረዳ። በመጨረሻም መርፌዎቹ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት እንደሚደርሱ አበሰረን።

“ምንም አይደል፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ አምጡ” አልኩ፤ አፌ አምልጦኝ። እስር ቤት መርፌያችን እሱ ነበር።

ወዲያው መጣ። ሽቦውን ቆረጥኩ፣ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብዬ ጫፉን በሲሚንቶው ሳልኩት፣ እንዳይወጋ በከንፈሬ ሞከርኩት። ቀና አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ እጄን እያዩ ነው።

“እኔን! እኔን ወንድሜን!” አለች አንዷ፣ ወንበሯንም ለቀቀችልኝ።

“የፈጠራ ችሎታ!” አለ ጓድ መንገሻ፣ እየጻፈ።

ሐሙስ፣ ጧት

ክሩ ሽቦው ላይ የሚሠራውን ቀለበት እያስቆጠርኩ ነው። እኔ የምቆጥረው የኔታ እንዳስቆጠረኝ ነው፤ ሰባት ላይ ማረፍ የእሱ አመል ነው።

“አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኃምስቱ፣ ስድስቱ፣ ሰብዓቱ፣ ዕረፍ!”

ከኋላ ሽቦ ወደቀ።

ጓድ መንገሻ ብድግ አለ። “ጓድ አሠልጣኝ! ይሄ የቤተ ክህነት አቆጣጠር ነው። ደግሞ ሰባት ላይ ማረፍ ምንድን ነው? ሠርቶ አደሩ ሰባት ላይ ያርፋል?”

“ክሩ እንዳይወጠር ነው ጓድ። ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው።”

ቴክኒካዊ ሲባል ተቀመጠ።

ሽቦ የወደቀባት ሴት ሥራዋን ይዛ መጣች። ወይዘሮ የሺ ትባላለች፣ ከጣና ዳር፣ የቁንዝላ ልጅ ናት። ጓድ መንገሻ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀን።

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚች ላይ ተሳሳትሁ። ያስተማረዎት ሰው፣ እንዲህ ሲሆንበት ምን ያደርግ ነበር?”

“ይተረትረዋል። ሳይናደድ እንደገና ይጀምራል።”

“እንዲህ ዓይነቱን ክር ዓይኑ ያያል?”

“መነጽሩ ተሰብሯል። በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚሠራው፤ አንዲት አይስትም።”

“መቼ ነው የተማሩት?”

“እስከ ፋሲካ አብረን ነበርን።”

ከፋሲካ ወዲህ ገና አራት ወር ነው። ወደ ሽቦው ጎንበስ አለች። “ስንቅ የሚያቀብልልኝ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ከተዛወረ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ይኑር ይሙት አላውቅም። ልሂድ ብዬ ይለፍ ጠየቅሁ፣ ከለከሉኝ” አለች በሹክሹክታ። ይለፍ የሚፈርመው ጓድ መንገሻ ነው።

“ምን ተቸገረች?” አለ እሱ።

“ቁጥር ጠፍቶባት ነው፤ አሁን አገኘችው።”

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያች ወንበር የለቀቀችልኝ ሴት “ኧረ ሽቦው ወጋት!” ብላ ጮኸች። “ወጋት! ወጋት!” እያሉ አሥራ ሦስቱም ተነሥተው ከበቧት፣ በነጠላቸው ጋረዷት። እስኪወጣላት አለቀሰች። ጓድ መንገሻ አዮዲን አስመጣ፤ ከሚቀጥለው ስልጠና በፊት የጥንቃቄ መመሪያ እንዲወጣም አዘዘ።

ዓርብ፣ ንጋት፣ የባሕር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ

ወይዘሮ የሺ በዝናብ መጣች። ከነጠላዋ ስር አንድ ጥንድ ቀይ ካልሲ አወጣች፤ አንደኛው ከሌላኛው ይረዝማል።

“ትናንት እየተቀባበልን ሠራነው። የአሥራ አራት ሰው እጅ ስለሆነ አይፍረዱብን።” ካልሲውን እጄ ላይ አኖረች። “እግዜር አያድርገውና፣ ምናልባት ተመልሰው ከገቡ ያድርሱልኝ።”

በዕድሜዬ ብዙ አደራ ተቀብያለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ሁለታችንም ሳቅን። ሳልገባም አደርስልሻለሁ ለማለት ወኔ አጣሁ። “እሺ” ብቻ አልኩ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ባያት ብዬ የማልሁባት በር ፊት ስንቅ ከያዙ ሴቶች ጋር ተሰልፌያለሁ። ዘንቢሌ ውስጥ ዳቦና ካልሲው አሉ።

“አንተ!” አለ ዘበኛው። “ናፈቅንህ እንዴ?”

“ዘመድ ልጠይቅ ነው” አልኩና የየኔታን ሙሉ ስም ነገርኩት።

እዚያ በር ላይ መርዶ የሚነገረው በቃል አይደለም። ስንቁ እንዳለ ከተመለሰ፣ ያ ነው መርዶው። ዘንቢሉን ይዞ ገባ። እኔም ቆሜ ቆጠርኩ፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ እስከ ሰባት። አረፍኩ። እንደገና ጀመርኩ። ስንት ሰባት እንደሆነ እንጃ።

ዘንቢሉ ባዶውን ተመለሰ። እዚያው መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

በማግስቱ ለቀበሌው ሴቶች ማኅበር ቴሌግራም ላክሁ፦ “ካልሲው ልኩ ሆኗል። ሥራው ይቀጥል።”

ከሳምንት በኋላ የጓድ መንገሻ ደብዳቤ ለአለቃዬ ደረሰ። ቴሌግራሙን ለተሰብሳቢው ራሱ በድምፅ ማጉያ አንብቦታል። ስልጠናው በአስቸኳይ እንዲደገም ይጠይቅና፣ እንዲህ ሲል ይዘጋል፦ “ሴቶቹ እልልታውን አላቆም ስላሉ ስብሰባው በሰዓቱ አልተዘጋም።”