የክረምት ማረፊያ ቤት

እንዳለው ወረቀት ሲሰጡት መጀመሪያ ጀርባውን ነው የሚገለብጠው። ከፊት የተጻፈው ለማታለል ነው፣ ቁም ነገሩ ከኋላ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል ብሎ ያምናል። ይህን ያስተማረችው ጎንደር ናት። በጉብዝናው ዘመን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ተቀምጦ ለባላገር ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ለማያውቀው ሰው ምስክር ሆኖ ፈረመና በዚያች ፊርማ ሰበብ አርባ ቀን በፖሊስ ማረፊያ ቤት ታሰረ። ስሙ ማረፊያ ይባል እንጂ እስረኛው ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ እንዳለው ብዕር ሲያቀብሉት እጁን ኪሱ ይከታል።

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካርቶን ሲያጥፍ ኖረ፤ ወገቡ እምቢ ሲል ሥራው ቀረ። ቀጥሎ ሚስቱ ምንይሹ ሞተችበት፣ አከራዩም ቤቱን ለልጄ እፈልገዋለሁ አለ። እዚህ ኢሪያ ወደሚባለው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እንዲያመለክት ያልመከረው ሰው የለም። እሱ ግን ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንድ የተዘጋ ኪዮስክ ጀርባ ገባ። እዚያ ውበቱ የሚባል የአገሩ ሰው ቀድሞት ሰፍሮ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ፣ ሳቂታ ሽማግሌ። አንድ ላስቲክ ለሁለት ተጋርተው ጎረቤት ሆኑ።

ጥር ላይ የዚህ አገር ክረምት ዝናቡ ሲብስ ከኢሪያ ሁለት ሴቶች በነጭ መኪና መጡ። አንደኛዋ ቬሬድ ናት፣ ኃላፊዋ። ሌላዋ ማያን ትባላለች፤ ወላጆቿ ከጎንደር ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋን እያነከሰች የምትናገር ልጅ ናት። ብርድ ልብስ፣ ትኩስ ሾርባና ወረቀት አመጡ። ውበቱ ብርድ ልብሱን ወዲያው ተጠቀለለበት። እንዳለው ግን የደረሰውን ብርድ ልብስ ስፌቱን በጣቱ እየዳበሰ ፈተሸው፤ ምን እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም።

ወረቀቱን ገለበጠው። ባዶ ነው። ወደ ፊት መልሶ በአማርኛ የተጻፈውን አነበበ፦ «ውጭ ለሚያድሩ ሰዎች የክረምት ማረፊያ ቤት፣ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር። ለመግባት ይፈርሙ።» እጁን ኪሱ ከተተ።

«አባባ፣ ና፤» አለችው ማያን። «እዛ ታርፋለህ።»

«አልመጣም!»

ሴቶቹ ሲሄዱ ወደ ውበቱ ዞረ። «ሰማኻት? እስር ቤት መሆኑን ራሱ ወረቀቱ ተናግሯል። እሷ ደግሞ በቁሜ ትሞታለህ አለችኝ። አንቱ ማለት እንኳ ያላወቀች!»

«ሾርባ እኮ ነው ያመጣችልን፣ አያ እንዳለው።»

«ታዲያ ወጥመድ ላይ ድንጋይ ይደረጋል? ትልቅ ሰው ከተማውን ሊጎበኝ ነው። የመንገድ ዳሩን ሰው ለቅመው ሊያጉሩን ነው። በአገራችንስ ያደርጉት አልነበር?»

ውበቱ ተከራክሮ አያውቅም፤ ማንበብ የሚችለው እንዳለው ነዋ። ሴቶቹ በየሳምንቱ መጡ፣ እንዳለው በየሳምንቱ መለሳቸው። መኪናዋ ስትርቅ ውበቱ እስክትሰወር ያያት ነበር። ሳሉም ከቀን ወደ ቀን ከደረቱ እየጠለቀ ሄደ።

አንድ ጠዋት እንዳለው ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ውበቱ የለም። ብርድ ልብሱም፣ ሻንጣውም የለም። የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ነጭ መኪና ወሰደው አለችው። እንዳለው ዳቦውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ብቻውን መሆኑ አስፈራው። ዞር በል፣ ሌላ ጥግ ፈልግ፣ ቀጥሎ አንተን ነው የሚሉ ሐሳቦች መጡበት። እሱ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እግሩ ወደ ኢሪያ ሄደ።

«ውበቱን የት አሰራችሁት?» አለ ማያንን እንዳየ። «እንዳይገባ የመከርሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋ። እኔን እሰሩና እሱን ልቀቁት።»

ማያን ፈገግ አለች። «ውበቱ? አትፍራ አባባ። ውበቱ አረፈ።»

እንዳለው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይደቃ ጀመር። «ወንድሜን! ገደልሁህ፣ በንባቤ ገደልሁህ!» ቬሬድ ውኃ ይዛ ሮጠች። ማያን «ምን አልኩ? ምን አልኩ?» እያለች እሷም አለቀሰች። ተራ ትጠብቅ የነበረች አንዲት የጎንደር እናት ናት የደረሰችላቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሞቷል?»

«ኧረ! አልጋ ላይ ነው!»

«ታዲያ ተኝቷል አትይም? አረፈ ብለሽ ሰው ትገድያለሽ?»

ጊቫት ሃሞሬ ወሰዱት። ማረፊያ ቤት የተባለው በአንድ ሕንጻ ምድር ቤት የሚገኝ መኖሪያ ነው፣ ሁለት አልጋ በየክፍሉ። ውበቱ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። እንዳለው እጁን ከአፍንጫው ሥር አድርጎ ትንፋሹን አረጋገጠ። ከዚያ ሄዶ በሩን ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ማንም ምንም አላለውም።

ውበቱ ነቃ። «መጣህ? አልጋህን ለሌላ እንዳይሰጡብህ ሻንጣዬን አኑሬበታለሁ።»

«ማረፊያ ቤት ይላል እኮ። እንዴት ደፍረህ ገባህ?»

«እኔ ምን አውቄ። አላነበብሁት።»

እንዳለው ወደ በሩ ዞረ። ማያን በስተኋላው ወረቀቱን ይዛ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣት ፈርታ ቆማለች። ተቀበላትና በልማዱ ገለበጠው። ባዶ ነበር። ብዕሯን ጠይቆ «ማረፊያ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ በዚያ በድሮው የማመልከቻ ጽሕፈቱ «ማደሪያ» ብሎ ጻፈ።

«ለሌላው እንዲህ አድርገሽ ስጪ፣ ልጄ» አለና ፈረመ። የውበቱን ሻንጣ ከአልጋው ላይ አንሥቶ መሬት አኖረው።