የሰባት ቁጥር አምስተኛ ፋውል

የቅርጫት ኳስ ፋውል እንደ ቦታው ነው። ሰፈር ውስጥ ደም ካልወጣ ፋውል የለም። ቴሌቪዥን ላይ የምናያቸው አሜሪካኖች ስድስት ሲሞላባቸው ይወጣሉ። እኔ በማስተምርበት የአሶሳ ትምህርት ቤት ደግሞ ያሉን ልጃገረዶች ሰባት ብቻ ስለሆኑ፣ አምስት የሞላባትን ሁሉ ካስወጣን የሚጫወት አይተርፍም። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ እረፍት ላይ የሁሉንም ፋውል ከሰሌዳው እናጠፋለን። ሁለተኛው አጋማሽ በአዲስ ይጀመራል።

ክልል አቀፉ ውድድር ላይ ግን አምስት ማለት አምስት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደምሮ አምስተኛው የተቆጠረባት ትወጣለች፤ አትመለስም። ይህን ዳኛው ጠዋት ነግሮኛል። ርእሰ መምህራችን ፋውል ቆጣሪ ያደረጉኝም "የሒሳብ መምህር ቁጥር አያቅተውም" ብለው ነው። አያቅተውም!

ለዋንጫ የደረሱት የኛ ልጆችና ከመተከል የመጣ ቡድን ነበሩ። እንግዶቹ ሁለት ቀን መኪና ላይ ተንገላተው ነው የደረሱት። ያሸነፈ ክልሉን ወክሎ ይሄዳል፤ የተሸነፈ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በእረፍት ሰዓት ውሃዬን ጠጣሁ፣ ዳስተሬን አነሳሁና የፋውል ሰሌዳዬን ጥርግ አድርጌ አጠፋሁት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ምንም አልመሰለኝም።

ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀር ሰባት ቁጥራችን፣ የራሴ ክፍል ተማሪ፣ አንዷን እንግዳ ገፍታ ጣለቻት። ፊሽካ ተነፋ። ሰሌዳዬ ላይ ሁለተኛዋን መስመር አሰመርኩና ሁለት ጣቴን ለዳኛው አሳየሁ። ያኔ ከእንግዶቹ ተቀያሪዎች አንዷ "ከእረፍት በፊት ሦስት አልነበረባትም እንዴ?" ስትል ሰማሁ። አሰልጣኛቸው፣ ሸበቶ ሰው፣ "ዝም በይ ልጄ፣ ቆጣሪው ያውቃል" አሏት።

ክው ብዬ ቀረሁ። ሦስት ነበረባት። ሦስትና ሁለት አምስት።

ፈራሁ፣ ምን እደብቃለሁ? ሜዳውን የከበበው የኛ ሰው ነው፤ ማንጎው ዛፍ ላይ ሳይቀር ተሰቅሏል። ተነስቼ "ትውጣ" ብል ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚዞረው እኔ ላይ ነው። ዝም ብዬ ቢታወቅስ? "ለተማሪው ብሎ አጠፋው" ይላሉ እንጂ ማን "ረስቶ ነው" ይለኛል? በዚህ ዘመን ደግሞ "የማን ወገን ነህ" የሚባል ነገር ከኳስ ሜዳ ተነስቶ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ኧረ ምን ዓይነት ጣጣ ነው! ጠመኔው በላብ እጄ ላይ ሟሟ። አንዴ ብድግ አልኩ። ርእሰ መምህሩ "ምነው?" አሉኝ። "እግሬ ደንዝዞ ነው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሰባት ቁጥር ኳስ በያዘች ቁጥር "ያረቢ፣ አስታት" እል ነበር፤ የገዛ ተማሪዬን! የመጨረሻዋን ኳስ እሷው አገባቻት። በአንድ ነጥብ አሸነፍን። የኛዎቹ ተሸክመዋት ሲጨፍሩ እንግዶቹ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ።

ሰሌዳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ልሄድ ስል ሸበቶው አሰልጣኝ መጥተው ፊቴ ቆሙ። አወቁ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ።

"መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እውነቱን ልንገርዎት፣ በሰው አገር ማን በሐቅ ይቆጥርልናል ብለን ፈርተን ነበር። ልጆቹንም 'ቢበድሏችሁ እንኳ እንዳትናገሩ' ብዬ ነው ያመጣኋቸው። በእርስዎ ግን ደስ አለኝ። የተሸነፍነው በሐቅ ነው፤ መንገድ ላይ ለልጆቹ እሱን እነግራቸዋለሁ።"

አፌን ከፈትኩ። ከኋላቸው ሕዝቡ ይጨፍራል።

"በሰላም ግቡ" አልኳቸው።