የእህቴ ቀጠሮ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ የጫማዬን ክር እያሰርኩ የእህቴ ስልክ ጠራ... እህቴ ከሞተች ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

ስልኳ እስካሁን ለምን አልተዘጋም ትሉ ይሆናል። በአላርሙ ምክንያት ነው። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጮኻል። እህቴና እማዬ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን አብረው የሚውጡት በሱ ነበር። እህቴ የተወለደችው መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ስለሆነ ቫይረሱ አብሯት ተወለደ። እኔ ከዓመታት በኋላ ስወለድ ግን እማዬ መድኃኒት ጀምራ ስለነበር ተረፍኩ። አሁን አላርሙ የሚጮኸው ለእማዬ ብቻ ነው። ስልኩን ቻርጅ የማደርገው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው እማዬ ስለፈቀደችልኝ ነው... ስማችንን ግን አልነግራችሁም።

ስልኩን አነሳሁት። የሴት ድምፅ ነው። ከጤና ጣቢያ እንደምትደውል ነግራኝ የሰኞ ቀጠሮዋን እንዳትረሳ ንገርልኝ አለችኝ።

ሞታለች ማለት ነበረብኝ... «እሺ» ብዬ ዘጋሁት።

ሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ከጀሞ ወደ ጤና ጣቢያው ታክሲ ያዝኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «አርፋለች» ልበል? «አልፋለች» ልበል? ደርሼ በሩን ስከፍት ሁሉም ጠፋብኝ።

ሲስተሯ ጠና ያለች ሴት ናት። የእህቴን ስም ስነግራት ከኋላዬ ወደ በሩ እያየች «እሷስ?» አለችኝ።

መኪና እንደገጫት ነገርኳት። ከሥራ ስትመለስ፣ የለቡን መንገድ ስትሻገር። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ የእህቴን ፋይል አውጥታ ገጹን በቀስታ እየገለበጠች «መድኃኒቷን አንድ ቀን አላጓደለችም እኮ» አለች።

ለካ እኔ የምፈልገው ይህንን ነበር። ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤታችን ድንኳን ውስጥ፣ መድኃኒቱን አቋርጣ ደክማ ነው እንጂ መኪናው አይገጫትም ነበር ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ቀጠሮው ደግሞ የመድኃኒት አልነበረም። እህቴ ለኛ ሳትነግረን ስለ ኤችአይቪ በሚደረግ ጥናት ውስጥ ገብታ በየስድስት ወሩ ደም ትሰጥ ነበር። «ጃኬትሽን አውልቂ ስላት ይበርደኛል ብላ ትጣላኝ ነበር» አለች ሲስተሯ። እውነቷን ነው። እህቴ ቤት ውስጥ እንኳ ካልሲ አድርጋ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ነበር የምትተኛው።

ምርመራዋ ላይ ቫይረሱ አይታይም ሲባል እሰማ ስለነበር፣ ታዲያ ከደሟ ምን ይፈልጋሉ ብዬ ጠየቅኳት። የሷን የሚፈልጉት በዚያው ምክንያት እንደሆነ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ቫይረሱን የሚያገኘው ሲራባ ነው። ጥቂቱ ግን የተኛ ሴል ውስጥ ገብቶ አብሮ ይተኛል። ለዓመታት... መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይነሳል። ተመራማሪዎቹ እሱን የተኛውን ከነመደበቂያው ማጥፋት፣ ካልሆነም ለዘላለም እንዳይነሳ ማድረግ ነው የሚፈልጉት።

«ማጥፊያውን መቼ ያገኙታል?» አልኳት።

«አላውቅም። አልዋሽህም።»

ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። የእህቴ የደም ሴሎች አሁንም በጣም በሚቀዘቅዝ ማስቀመጫ ውስጥ አሉ። ሲሞቁ ሕያው ናቸው። እንዲቀመጡ ራሷ ፈርማለች፤ ግን እናትህ ይወገድልኝ ካለች ደውልልኝ፣ ይወገዳል አለችኝ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለእማዬ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ማታ ራት ሳይቀርብ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ታዲያ ምኗን ነው የቀበርኩት?» አለች።

በባዮሎጂ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለተኛው ቫይረስና ስለሚፈልጉት ማጥፊያ ግን የገባኝን ያህል አስረዳኋት። ቆይታ «እኔም ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ራት ሳትበላ ተኛች።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አላርሙ ጮኸ። እማዬ መድኃኒቷን ዋጠች። አላርሙን ግን ቶሎ አላጠፋችውም፤ ስልኩን መዳፏ ላይ አድርጋ እስኪበቃው አስጮኸችው።

«ደሟን ይተዉት፤ ራሷ ፈርማ የለ» አለች።

ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ማስቀመጫው በጣም ይቀዘቅዛል ነው ያልከኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«እሷ እኮ ብርድ አትወድም... ቶሎ ያግኙት በላቸው።»

ደውዬ ቃል በቃል ነግሬያቸዋለሁ።