ጠበል ይዤ አዛዡ ቢሮ

ልጄ ወታደር ነው። ከግዳጅ ሲመለስ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሳቅ ረስቶ ስለመጣ ጎንደር ሐኪም ቤት የአእምሮ ሕክምና ጀመረ። መድኃኒቱ ሸጋ አድርጎ ይዞለት ሳለ «ታሟል ተብሎ ሳይወድ ከሠራዊቱ ሊሰናበት ነው፤ ሕክምናውም ይቋረጣል» የሚል ወሬ ሰማሁ።

ፊደል ብዙ ባልቆጥርም አንደበት አያንሰኝም። የታመመ የሚያባርሩ ከሆነ እንዳልታመመ ላሳያቸው ብዬ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በማለዳ ጠበል በሃይላንድ ቀድቼ ልጄን አስከትዬ አዛዡ ቢሮ ገባሁ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ስለ ልጅዎ...»

«ቆይ፣ እኔ ልናገር! ምነው ጤነኛ ልጅ ታባርራላችሁ? መንፈስ ያለበት ሰው ጠበል ሲነካው ይጮኻል፤ እየው!» ብዬ ልጄን ረጨሁት። ዝም አለ።

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«አልጨረስሁም! እናቱም ንጹሕ ናት» ብዬ በኩራት ሃይላንዱን አናቴ ላይ ገለበጥሁት።

የወገራ ውርጭ ያደረበት ውኃ በጀርባዬ ሲወርድ ጩኸቴን አቀለጥሁት። የበሩ ዘብ መሣሪያውን ይዞ ዘው አለ።

አዛዡ ሳቁን እየዋጠ «እማማ፣ ስንብቱን ትተነዋል፤ ሕክምናውን እዚሁ እኛው ዘንድ ይጨርሳል። ከገቡ ጀምሮ ልነግርዎ የፈለግሁት ይህንኑ ነው» አለኝ።

ይኼኔ ያ ሳቅ የረሳ ልጄ ብድግ አለና እንደ አጥማቂ ድምፁን አጎርንኖ፣ «ለፍልፍ! የት ያዝሃት?» አለኝ።

ምን ላድርግ? ውኃው እየተንጠባጠበ አንገቴን ደፋሁና መለስሁለት።

«እዚሁ፣ ቢሮው በር ላይ።»