ሱሪው እስኪሰፋለት የሚጠብቀው ወታደር

ልብስ ሰፊው ከጦር ሜዳ ተመልሶ ሱቁን ሲከፍት ሰፈርተኛው ወሬ ፍለጋ ጎረፈ። "እስቲ አጫውተን!" ይሉታል፤ እሱ ግን አፉን በመርፌ የጠቀሙት ይመስል ዝም። ሚስቱ ብትወተውተውም "ምን ወሬ አለው ብለሽ ነው" ከማለት አያልፍም። እውነትም ጠመንጃ ይያዝ እንጂ የከረመው የጓዶቹን ልብስ ሲጥፍ ነው። ይህ ደግሞ ለማን ይወራል?

ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ሙዚየሙ መጋረጃ እንዲሰፋ ጠራው። ብርሃን የድሮ ሥዕሎችን ያደበዝዛል አሉ። መስኮቱን ለክቶ ዘወር ሲል መዳፍ የምታህል ሥዕል ዓይኑን ያዘችው።

ሁለት ወታደሮች ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛው ሱሪ ይጥፋል፤ ባለሱሪው ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ከኋላቸው መሬት ላይ በተተከለ ጦር ሸሚዝ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ውጊያ የለ፣ ባንዲራ የለ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ መቼ የተሣለ ነው?" አላት የሙዚየሙን ኃላፊ።

"ኧረ አባባ፣ ቅድመ አያቶቻችን ሳይወለዱ! መዳብ ላይ ተቀርጾ ነው ወረቀት ላይ የታተመው።" ማጉያ መነጽር አቀበለችው።

ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ አየበት። ሱሪ የሚጥፈው ወታደር ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ አንገቱን አዘንብሏል፤ ከፀጉር የቀጠነችው ክር እንኳ ሳትቀር መዳቡ ላይ ተቀርጻለች።

"የፈጣሪ ያለህ! ሠዓሊው ይሄን ለመቅረጽ ስንት ቀን ዓይኑን አፈሰሰ?" አለ። "ያውም ለእኛ፣ ለልብስ ጣፊዎች!"

በማግስቱ ሚስቱን ይዞ መጣ። እሷም ሥዕሉን ትክ ብላ አየችና "ይሄ አንተ ነህ። ባለብርድ ልብሱስ?" አለችው።

"ረጅሙ የምንለው ጓደኛዬ። 'ፍጠን እንጂ፣ ከጠላት በፊት ብርዱ ጨረሰኝ' እያለ ያስቀን ነበር። ሱሪውን ለብሶ ጠዋት ወጣ፤ በዚያው ቀረ።"

"ቤተሰብ የለውም?"

"እህት አለችው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

አፈላልገው አገኟትና ወደ ሙዚየሙ አመጧት። እህትየው በከዘራዋ እየተደገፈች ሥዕሉ ፊት ቆመች። ያን ሁሉ ዘመን የወንድሟን የመጨረሻ ምሽት የነገራት ሰው አልነበረም። ሰፊው አንድም ሳያስቀር አጫወታት፤ ቀልዱን፣ ብርዱን፣ ሱሪው ጉልበት ላይ የነበረውን ቀዳዳ።

"ይስቅ ነበር ነው የምትለኝ?" አለችው።

"አዎ እህቴ፣ ይስቅ ነበር።"

ወንበር አመጡላት። ሙዚየሙ እስኪዘጋ ድረስ ከሥዕሉ ፊት አልተነሣችም።