አሥራ ሰባት ጥንድ ጫማ

በሐይቁ መስመር አውቶቡስ ላይ የምትሠራዋን ቲኬት ቆራጭ ሰው ሁሉ “እትዬ ቆጠራ” ይላታል። ስሟ አይደለም፤ ተሳፋሪ ያወጣላት ነው። መስመሩ ከከተማው መናኸሪያ ተነስቶ ከተራራው ግርጌ፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ያበቃል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚሳፈረው በሙሉ በእግሩ ሊንሸራሸር የሚሄድ ነው። ጉልበት ያለው ወደ ተራራው ይወጣል፣ ጉልበቱን የሚያውቅ ደግሞ የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ ያዘግማል። አመሻሹ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው አውቶቡስ ይመልሳቸዋል። እሱ ካመለጠ እስከ ማግስቱ ሌላ የለም።

ስለዚህ ትቆጥራለች። ቁጠሪ ብሎ ያዘዛት የለም። ጠዋት የወረደው ያህል ማታ ካልተሳፈረ አውቶቡሱ አይነቃነቅም፤ ሹፌሩ ቢለምናት፣ ተሳፋሪው ቢያጉረመርም በሩን ይዛ እንደ ችካል ትቆማለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ጥላ አልመጣችም፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ፊት ግን አትቆጥርም። “ፊት ወሬ ያመጣል፣ ወሬ ደግሞ ቁጥር ያስረሳል” ባይ ናት። አንገቷን ደፍታ ደረጃው ላይ የሚያርፈውን ጫማ ትቆጥራለች፣ በዚያው ጭቃውን ያላራገፈውንም ትገሥጻለች።

የዚያን ቅዳሜ ባሏም አብሮ ሄደ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናው ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ የኖረ ሰው። ሐኪሙ “ልብዎ እንዲሠራ ከፈለጉ እግርዎን ያሠሩት” ብሎት ነው እንጂ እሱስ ከማዕዘኑ ሱቅ አልፎ የሚሄድበት ጉዳይ አልነበረውም። “የቆራጯ ባል ተመቻችቶ ተቀመጠ” እንዳይባል መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ተወሸቀ። ስልኩንም ሐይቅ ውስጥ እንዳይወድቅበት ለእሷ ሰጣት። ሲወርድ “ዳር ዳሩን ሂድ፣ ተራራውን ለወጣት ተውለት” አለችው፣ ቀና ሳትል።

ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረጃው ላይ የሚወጣው ጫማ ሁሉ በጭቃ ተለውሶ አንድ ዓይነት ሆኗል። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። በሩን ዘጋችና “ንዳው” አለች። መንገድ ላይ አንገቷን እንደደፋች ወደ ኋላ ለባሏ “ደከመህ እንዴ?” ብትል መልስ የለም። ተኝቷል፣ ይተኛ ብላ ተወችው።

መናኸሪያ ደርሰው ሰው ወረደ። በመጨረሻ ቦርሳ ያዘለች ወጣት ስትመጣ፣ “ልጄ፣ እባክሽ ከኋላ የተኛውን ሽማግሌ ቀስቅሽልኝ” አለቻት።

“ከኋላ ማንም የለም፣ እናቴ። ወንበሩን ለብቻዬ ተንፈላስሼበት ነው የመጣሁት።”

“ጠዋት ስንሄድ እዚያ ተቀምጦ ነበር እኮ።”

“ጠዋት እኔ በዚህ አልሄድኩም። በወዲያኛው መስመር ሄጄ ተራራውን አቋርጬ ነው የወረድኩት። ቲኬቱ ለሁለቱም ይሠራል ብለውኝ ነው።”

እትዬ ቆጠራ ክው አለች። ቁጥሩ ልክ ነበር። አሥራ ሰባት ወርዶ አሥራ ሰባት ተሳፍሯል፤ አንዲት እንግዳ በባሏ ቦታ ገብታ ሞልታዋለች። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ስልኩ የጠራው ከገዛ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ሹፌሩ “እታለም፣ ሐይቁ ዳር ላለችው ባለ ኪዮስክ ደውይላት” አላት። ደወለች።

“ባልሽ ምን ለብሷል?” አለች ባለ ኪዮስኳ።

“ሸሚዝ።”

“ምን ዓይነት?”

ልብስ ሰፊ ነው፤ ሸሚዙን ራሱ ነው የሰፋው። እትዬ ቆጠራ ቀለሙ አልመጣላት አለ። “ጫማው ቡናማ ነው። ሪዙ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አፉን ሸፈን የሚያደርግ።”

“ጫማ ከዚህ አይታየኝም፣ እቴ። አንድ ሽማግሌ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሪዝ ግን የለውም።”

“እሱ አይደለም። እሱን ተይውና ሌላ ፈልጊልኝ።”

“ሌላማ ማን አለ? ሐይቁ ዳር ጭር ብሏል።”

ሹፌሩ መሪውን አዙሮ ባዶውን አውቶቡስ ወደ መጣበት መለሰው። የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ እጁን እያወዛወዘ ሲሮጥ በመስኮት “ሰው ረስተናል” ብሎት አለፈ። ቃሉ ለእትዬ ቆጠራ እንደ ጥፊ ነበር። አርባውን ደቂቃ በሙሉ በሩ ላይ ቆማ ሄደች። አንዴ ውኃው ይታያታል፣ አንዴ ገደሉ፣ አንዴ ልቡን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው። እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች በሆዷ፣ በሩን በእጄ ዘግቼበት።

ሲደርሱ ዓይን ለዓይን ገና ያስተያያል። አውቶቡሱ ሳይቆም ወርዳ ወደ ተራራው መንገድ ሮጠች። አግዳሚ ወንበሩን፣ እላዩም የተቀመጠውን ሰውዬ አልፋ ሄደች።

“ወዴት ነው እንዲህ በሩጫ?” አለ ሰውዬው።

ድምፁ የባሏ ነው። ዞራ አየችው። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለው ቆዳ ባዶ ነው፤ ለስላሳ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት አይታው የማታውቀው ቆዳ። ዓይኗ ፈጦ ቀረ።

“ሪዝህስ?”

“ተላጨሁት።”

“መቼ?”

“ሦስት ሳምንት ሆነው።”

ልታቅፈው የዘረጋችው እጅ መንገድ ላይ ቀረ። ሦስት ሳምንት አብራው በልታለች፣ አብራው ተኝታለች፣ ጠዋት ጠዋት ደህና ዋል ብላው ወጥታለች። ዛሬም ቲኬት ቆርጣለታለች።

“ከመታጠፊያው ደርሼ ነበር፤ በሩን ስትዘጊ አየሁሽ” አለ። “ልጮህ ብል ትንፋሽ አጠረኝ።”

“ታዲያ ለባለ ኪዮስኳ ለምን አልነገርካትም? እንድትደውልልኝ?”

“መጀመሪያ፣ ቤት ስትገቢ እንደሌለሁ ታያለሽ፣ ትመጫለሽ ብዬ ነው።” የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። ሰማያዊ ነበር ሸሚዙ። “ኋላ ሪዙ ትዝ አለኝና፣ እስከ ነገም ላታይ ትችያለሽ ብዬ፣ እዚሁ ለማደር ራሴን እያዘጋጀሁ ነበር።”

አልተቆጣም፣ ቀልዱንም አልነበረም። እትዬ ቆጠራ አጠገቡ ቁጭ ብላ ፊቱን ታይ ጀመር፤ ሹፌሩ ሁለቴ ጥሩንባ ቢነፋም አልተነሳችም።